የሱሉልታው ሳሎን

በዚህች አገር የቴአትር ታሪክ እንደ እኔ ያለ አዘጋጅ አልተነሣም። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ ማስረጃ አለኝ። የመጀመሪያ ሥራዬን ሳቀርብ ከተመልካቹ መካከል አንድ ሰው እንኳ አልተቀመጠም። አንድ ሰው አላሳለም፤ ስልኩን የነካካ፣ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብሎ ጎረቤቱን የጠየቀ አልነበረም። ሜዳውን የሞላው ሕዝብ ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳይነቅል፣ ቆሞ ነው የተመለከተኝ። አቋርጦ የወጣም የለም።

ባለፈው ሳምንት ለልጄ ለሊያ የነገርኳት ይህንኑ ነው። ሊያ እዚሁ ሰበታ ነው የምትማረው፤ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤታቸው የወላጆች ቀን ሊያከብር ነውና መምህሯ «ቴአትር የሚያውቅ ወላጅ ያለው ማነው?» ብላ ስትጠይቅ የእኔዋ እጇን አውጥታ መጣች። እኔም እራቴን ትቼ ስለ ራሴ መተረክ ጀመርኩ። ባለቤቴ ሽሮውን እየጨለፈች እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣

«ዱላ ይዘው እንደነበር ለምን አትነግራትም?» አለች።

እውነት ነው። ዱላ ይዘው ነበር። አቋርጦ የወጣ የለም ስልም ራሴን ጨምሬ ነው፤ መውጫ አልነበረማ።

ነገሩ የሆነው በማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር አንድ ላይ ያለማል የተባለው ዕቅድ ወሬው ተሰምቶ፣ ገበሬው «መሬቴ ሊሄድ ነው» ብሎ፣ ተማሪው አደባባይ ወጥቶ፣ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። እኔ ያኔ ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ወጣት ነበርኩ። ሠላሳ የተጠጋ ሰው እንዴት ወጣት ይባላል የሚል ካለ ሰበታን አያውቃትም፤ እኛ ዘንድ ያላገባ ሁሉ ወጣት ነው። ዓመታቱን በአባቴ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ካሳለፍኩ በኋላ ዘግይቼ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ቴአትር ላጠና። አባቴ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ደንበኛ ፊት ስትተውን ኖረህ አሁን ደግሞ ምን ቀረህ?» አለኝ።

አባቴ ተሳስቶ ነበር። ትወና ላይ እንጨት ነበርኩ ብል እንጨትን መስደብ ይሆንብኛል፤ እንጨት እንኳ ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል። የትወና መምህሬ አንድ ዓመት ሙሉ ታግሣኝ፣ በመጨረሻ «አንተ ራስህ መንቀሳቀስ ካቃተህ እስቲ ሰው አንቀሳቅስ» ብላ ወደ ዝግጅት ትምህርት ሸኘችኝ። አዘጋጅ የሆንኩት እንዲህ ነው።

የዝግጅት መምህራችን መምህር አሥራደ አንድ የማይሽሩት ሕግ ነበራቸው። መድረኩ ገና ሳይሠራ፣ ተዋናይ አንድ እርምጃ ሳይራመድ፣ የተውኔቱ ቤት በልኩ መሬት ላይ ይሰመራል፤ ግድግዳው፣ በሩ፣ መስኮቱ። ተዋናዩ በዚያ መስመር ውስጥ ነው የሚለማመደው። ዘንግቶ በተሰመረው ግድግዳ መሃል ያለፈ እንደሆነ ልምምዱን ያስቆሙና፣ «ይቅርታ፣ መንፈስ ነህ እንዴ?» ይሉታል። አዳራሽ ውስጥ ሥራው ቀላል ነው፤ ጠመኔ ይበቃል።

የመመረቂያ ሥራዬ ሁለት ሰው ብቻ ያለበት አጭር ተውኔት ነበር። ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ባልቴት አሉ፤ ቤታቸውን ሊያሸጥ የመጣ ታናሽ ወንድም አለ። በቃ። ባልቴቷን የምትጫወተው ሰብለ የቡራዩ ልጅ ናት፤ ወንድምየውን የሚጫወተው ለሚ የሱሉልታ። ከሰበታው ከእኔ ጋር ስንደመር አዲስ አበባ አንገት ላይ የተንጠለጠልን ጨሌዎች ነበርን። መለማመጃ ግን አጣን። አዳራሹ ወረፋ ነው። ግቢው ውስጥ ደግሞ ያን ሰሞን ሦስት ሰው ሰብሰብ ብሎ ድምፁን ከፍ ካደረገ ዘበኛ ይመጣል። መምህር አሥራደ ቀን ቆርጠዋል፤ በሚመጣው ማክሰኞ ያያሉ፤ ያልደረሰ ዓመቱን ይደግማል።

«ጋሼ ዳይሬክተር፣» አለኝ ለሚ፤ በክፍሉ ውስጥ በዕድሜ ትልቁ እኔ ስለሆንኩ እንዲህ እያሉ ነበር የሚቀልዱብኝ። «የአጎቴ ሜዳ አለ። ሣሩ ታጭዷል፣ ኳስ ያጫውታል። አጎቴን እኔ አስፈቅዳለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ እንገናኝ።»

ሣር ላይ ጠመኔ አይጽፍም። ስለዚህ ዓለም ገና ከተማ የግንባታ ፎርማን ሆኖ ወደሚሠራው የእህቴ ባል ዘንድ ሄጄ ችካል፣ መዶሻ፣ ሲባጎ፣ ረጅም ሜትርና ግማሽ ከረጢት ኖራ ተዋስኩ። የችካሎቹ አናት ቀይ ቀለም የተቀባ ነው። «በኅዳር ሱሉልታ? ቅዝቃዜው እንደ ቋንጣ ያደርቅሃል» ብሎ ወፍራሙን የሥራ ጃኬቱን ደረበልኝ። ጃኬቱ ብርቱካንማ ነው። ጀርባው ላይ የሚያብረቀርቅ መስመር አለው። አንባቢ ሆይ፣ አንተ አሁን የታየህ ነገር ለእኔ ያን ዕለት አልታየኝም። እኔ የሚታየኝ ሳሎን፣ መኝታ ቤትና ጓዳ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ከአዲሱ ገበያ የሚነሣው ሚኒባስ እያቃሰተ ሽቅብ ወጣ። ባሕር ዛፉ አለቀና አፋፉ ላይ ስንደርስ የሱሉልታ ሜዳ ወለል አለ። ውርጩ ገና አልለቀቀም፤ የታጨደው ሣር ነጭ አቧራ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ክምሮቹ እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ብለው እንፋሎት ያወጣሉ። በተከፈተው መስኮት የደረቅ ሣርና የእበት ሽታ ይገባል። ያን ሽታ ጠርሙስ ውስጥ አሽጎ የሚሸጥ ቢኖር የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነበርኩ።

ረዳቱ ከረጢቴን በእግሩ ነካ አድርጎ፣ «ሲሚንቶ ነው?» አለኝ።

«ኖራ ነው።»

«ቤት ልትሠራ ነው?»

«አዎ፣ ባለ ሦስት ክፍል!» አልኩት፣ እየቀለድኩ። ማንም አልሳቀም። ወተቷን ከተማ አድርሳ ባዶ ቢዶኗን ይዛ የምትመለስ አንዲት ሴት ከጫማዬ እስከ ራሴ አየችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ ሱሉልታዎች ጠዋት ጠዋት ኩርፊያ ይወዳሉ ብዬ አለፍኩት።

ለሚ በስልክ የነገረኝ ግልጽ ነበር። «ከአስፋልቱ ወርደህ ወንዟን ተሻገር፤ ትልቅ የሣር ክምር ታያለህ። እኔ ሰብለን ከመንገድ ተቀብዬ እመጣለሁ።» ወንዟ ጋ ሳልደርስ ትልቅ የሣር ክምር አየሁ። ውሃው እንደ በረዶ ነው፤ ጫማዬ ደግሞ አዲስ። ለሚ ነው የተሳሳተው ብዬ ወሰንኩ። አዘጋጅ ማለት ውሳኔ የሚሰጥ ሰው ነው ይሉ የለ መምህር አሥራደ።

ሥራዬን ጀመርኩ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አነጣጠርኩ፣ ለካሁ፣ ችካል መታሁ፣ ሲባጎ ወጠርኩ፣ በሲባጎው ሥር ኖራ በተንኩ። ቤት ሲወጣ ማየት ደስ ይላል። አንድ ቱታ የለበሰ ወጣት እየሮጠ መጣና ቆም ብሎ አየኝ፤ ከዚያ በመጣበት እግሩ ሁለት እጥፍ ፈጥኖ ተመለሰ። ምንም አልጠረጠርኩም። ሱሉልታ ነዋ፤ እዚያ ሁሉም ሰው ሯጭ ነው።

ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። ጩኸቱ ከአንዱ ጉብታ ተነሥቶ በሌላው ጉብታ ተመለሰ። ቀና ስል ሰው በአራቱም ማዕዘን እየመጣ ነው። ሺህ ይሆናሉ። ባለቤቴ «ሠላሳ በል» ትለኛለች። እሺ፣ ሠላሳ። ነገር ግን ሠላሳ ሰው ዱላ ይዞ ዙሪያህን ሲቆም ሺህ ነው። ቱታ ለባሹ በጣቱ እያመለከተኝ፣ «የማስተር ፕላን ሰው ነው! ጃኬቱን እዩት!» ይላል። ቢዶን የያዘችው ሴትም ደርሳለች፤ አዴ ጫልቱ ይሏታል። «ባለ ሦስት ክፍል እሠራለሁ ብሏል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለች።

ሰዉን ከፍለው የሜዳው ባለቤት ኦቦ ቱሉ መጡ፤ ቦት ጫማ ያደረጉ፣ ጋቢ የደረቡ ረጅም ሽማግሌ።

«አከም ቡልቴ?» አሉኝ፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው።

እኔ ሰበታ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ኦሮምኛን ሱቃችን ውስጥ ነው የተማርኩት፤ ተከራክሬበታለሁ፣ ተሰድቤበታለሁ፣ ሴት ልጅ ለምኜበታለሁ። ያን ሰዓት ግን ፍርሃት ጠራርጎ ወሰደብኝ። ከጭንቅላቴ ተርፎ የወጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

«አናን ሜቃ?» አልኳቸው። ወተት ስንት ነው?

«መሬቱን ወስዶ ወተቱን ሊገዛን!» አለ ቱታ ለባሹ።

ኦቦ ቱሉ ፈገግ አላሉም፤ ግን ወደ አማርኛ ተሻገሩልኝ። «ምን እየሠራህ ነው፣ ልጄ?»

«ልምምድ ነው፣ አባቴ። የቴአትር ልምምድ።»

በዱላቸው ኖራውን ነኩ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሳሎን።»

«ይሄኛውስ?»

«መኝታ ቤት።»

«የማን?»

«የወይዘሮ አስካለ።»

ሰዉ አጉረመረመ። «አስካለ ደግሞ ማናት? ከየት የመጣች ናት? ማነው የሰጣት?»

«ማንም አልሰጣቸውም! እሳቸው... የሉም። ፈጠራ ናቸው። የሌሉ ሴት ናቸው።»

ኦቦ ቱሉ ይህን ለሰዉ በኦሮምኛ አስረዱ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ «ለሌለች ሴት ነው የእኛ ሣር የሚወሰደው?» አሉኝ።

የተማሪ መታወቂያዬን አወጣሁ። ቱታ ለባሹ ተቀብሎ ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ባርኔጣዬን አንሥቶ አናቴን አየ። «ራሰ በራ ተማሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ብሎ መታወቂያዬን ለሰዉ አዞረ። ከኋላ አንድ ዱላ ከፍ አለ።

«ዲሳ!» አሉ ኦቦ ቱሉ፤ ተዉት። ዱላው ወረደ።

«ስማ ልጄ» አሉኝ። «አምና ገፈርሳ አጠገብ፣ እህቴ ዘንድ፣ አንድ ሰው መጣ። እንዳንተ ያለ ጃኬት የለበሰ። እንደምን አደራችሁ እንኳ አላለም። ችካሉን ተከለና ሄደ። ልጆቿ ምንም አልመሰላቸውም፤ ጥጃ አሰሩበት። አሁን እህቴ መሬቷን የምታየው ከአጥር ውጪ ቆማ ነው። እኛ በችካል ቀልድ አንችልም።»

ዙሪያዬን ያሉት ቀይ አናቶች አንድ በአንድ ታዩኝ። እኔ መኝታ ቤት ብዬ የተከልኩት ለእሳቸው ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

«ቴአትር ከሆነ፣» አሉ ኦቦ ቱሉ፣ «አሳየና።»

«ተዋናዮቹ አልመጡም፣ አባቴ።»

«አንተ አለህ አይደል?»

እንግዲህ አስቡት። ከትወና ክፍል የተባረረ እንጨት፣ ሕይወቱን ለማትረፍ፣ ሁለት ሰው ሆኖ ሊጫወት ነው። በሩ ላይ ቆሜ ወንድምየውን ሆንኩ፦ «እቴ አስካለ፣ ቤት ነሽ?» ሮጬ ሳሎን ገባሁና ባልቴቷን ሆንኩ፦ «ማነው እሱ?» ድምፄ እንደ ታነቀ ዶሮ ወጣ። ተመልሼ ወጣሁ። «እኔ ነኝ፣ ወንድምሽ!» ማንም አይስቅም፣ ማንም አይንቀሳቀስም። ጥድፊያው ባሰብኝና ከወንድምየው ወደ ባልቴቷ ስዞር በሩን ረስቼ በኖራው መስመር ላይ ተሻገርኩ።

«ግድግዳ!» የሚል ድምፅ አስደነገጠኝ።

አዴ ጫልቱ ናት። ቢዶኗን አንሥታ እየጠቆመችኝ ነው። «በሩ እዚያ አይደለም እንዴ? ግድግዳውን በስቶ ገባ እኮ!»

«እውነቷን ነው፣» አለ አንዱ፣ «በሩ በዚያ ነው።»

ተመለስኩ። ዞሬ መጣሁ። የሌለውን በር ከፍቼ ገባሁ።

«ዝጋው!» አለኝ ቱታ ለባሹ። «ብርድ ይገባል።»

ዘጋሁት። ሳቁ ያን ጊዜ ከኋላ በኩል ጀመረና እየተንከባለለ እስከ ኦቦ ቱሉ ደረሰ። የዚያን ሳቅ ጣዕም ዛሬም አፌ ውስጥ አለ። ውሃ የጠማው ሰው ማሰሮ ሲሰጡት ምን እንደሚሰማው አሁን አውቃለሁ።

አዴ ጫልቱ ግን አልሳቀችም። «ቤቷን ሊሸጥ የመጣውን ሰው እንዲህ ነው የምትቀበለው? ይቺ ሴትዮ አልተናደደችም እንዴ?» አለች። ቢዶኗን አስቀምጣ መጣች፤ በበሩ በኩል ነው የገባችው። «በል አንተ ወንድሟን ሁን። እኔ የት ልቁም?»

እኔ ነኝ የተጠየቅኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው የት ልቁም ብሎ ጠየቀኝ። አፌ ከእኔ ቀድሞ መለሰ፦ «መሃል አይቁሙ። መስኮቱ ጋ ይሁኑ። እኔን አይዩኝ፤ ውጪውን ይዩ። እኔ ስለ ገንዘቡ ስለፈልፍ ዝም ይበሉ፤ እስኪበቃዎት ዝም ይበሉ።»

መስኮቱ ጋ ቆመች። መስኮቱ ሁለት ችካልና አንድ ሲባጎ ነው። በእሱ በኩል ሜዳው፣ ከብቶቹ፣ ከዚያ ወዲያ ተራራው ይታያል። እኔ ስለ ዋጋው ለፈለፍኩ። እሷ ዝም አለች። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣ «ይሄንን ሸጠህ እኔን የት ልታደርገኝ ነው?» አለች።

ከብት ሲግጥ ይሰማ ነበር። ዱላዎቹ መሬት ነክተዋል፤ ሰዉ ተደግፎባቸው ነው የሚያየው። እኔም፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ መፍራቴን ረሳሁ። «አሁን ቀስ ብለው ይዙሩ» ልላት አፌን ስከፍት ከወንዟ ማዶ ለሚ ብቅ አለ። አጎቱ ሜዳ ደርሶ ሲጠብቀኝ መሐንዲስ ተይዟል የሚል ወሬ ሰምቶ፣ ሰብለን ከኋላው እየጎተተ፣ ውሃውን እያንቦጫረቀ፣ «የእኛ ነው! ኦቦ ቱሉ፣ ማሎ፣ ማሎ! የእኛ ሰው ነው!» እያለ ይለምናል።

ሠላሳ ሰው ባንድነት ዞረበት። «ዝም በል አንተ! ገና አላለቀም!»

ሲያልቅ ለሚ አጠገቤ መጥቶ በጆሮዬ፣ «ጋሼ ዳይሬክተር፣ ወንዟን ተሻገር አላልኩህም?» አለኝ።

«ጫማዬ አዲስ ነው» አልኩት። ምን ልበል?

ኦቦ ቱሉ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ቴአትሩ ደህና ነው። ችካሉ ግን ይነቀላል። በገዛ እጅህ።» ነቀልኩ። አንድም አላስቀረሁም። ወጣቶቹ እየተቀበሉ ከመሩትና እሳት ለኮሱበት፤ ቀዩ ቀለም እየተንጣጣ ነደደ። ፍሙ ውስጥ ድንች ቀበሩ። አዴ ጫልቱ እርጎ አመጣች፤ ከአንዱ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሆቴሉንም ድግሱንም አይቻለሁ፤ እንደዚያ ድንች ያለ ግን አልቀመስኩም። ሰብለ ልቅሶዋንና ሳቋን እያቀላቀለች ትበላለች። ቱታ ለባሹ ባርኔጣዬን ራሴ ላይ መልሶ፣ «ጃኬቱን ገልብጠህ ልበስ» ብሎ መከረኝ። «ሌላ ሜዳ ላይ እንደ እኛ ያለ ታጋሽ ተመልካች አታገኝም።» ገልብጬ ለብሼ ሄድኩ። የእህቴ ባል ችካሎቹን ሲጠይቀኝ «በድንች በላናቸው» አልኩት፤ ከዚያ በኋላ መዶሻ እንኳ አላዋሰኝም።

እሑድና ሰኞ ከወንዟ ማዶ፣ በትክክለኛው የአጎትየው ሜዳ ላይ፣ ግድግዳውን በሣር ነዶ አስምረን ተለማመድን። ማክሰኞ መምህር አሥራደ አዩት። ሰብለ መስኮቱ ጋ ቆማ ዝም ስትል እሳቸውም መነጽራቸውን አወለቁ። ዓመቱን ሳልደግም ተረፍኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዕቅዱ ቀረ ተባለ። ነገር ግን ያን ዘመን እንደ እኔ ድንች በልተው ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ይህን ወግ በቀልድ ጀምሬ እንኳ መሃል ላይ ድምፄ ዝቅ ይልብኛል። እኔን ያተረፈኝ ጥበቤ ነው እላለሁ አንዳንዴ። ጥበብ አይደለም። ከመምታታቸው በፊት የሚጠይቁ ሽማግሌ መኖራቸው ነው።

ትናንት የሊያ ትምህርት ቤት ሄጄ ሥራ ጀመርኩ። የልጆቹን መድረክ ግቢው ውስጥ ከማስመሬ በፊት ርዕሰ መምህሯን አስፈቀድኩ፤ ከዚያ ዘበኛውን፤ ከዚያ ሣሩን የሚያጭዱትን ሰውዬ። ሦስቱም የታመምኩ መስሏቸው አዩኝ። ማታ ሊያ አልጋዋ ውስጥ ሆና፣ «አባዬ፣ ያን ቀን ፈርተህ ነበር?» አለችኝ።

«ምን በወጣኝ!» አልኳት።

ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። ድንቹ ሲጠበስ ከሁሉም ይበልጥ እሳቱን የተጠጋሁት እኔ ነበርኩ፤ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ እንኳ አልተነሣሁም። ኦቦ ቱሉ «ተዉት ይሙቅ፤ የሰበታ ሰው ብርድ አይችልም» አሉልኝ፤ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ተስማማ። ብርድ አልነበረም። ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ በሰው ሜዳ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ሱሪዬ ላይ ሸንቼ ነበር።